የቆመችው ነጥብ

በፍራንክፈርት የዞሰንሃይም ሰፈር አሮጊቶች ሰገንን ይወዷታል። እጇ ሙቅ ነው፤ አትቸኩልም። ማለዳ በራቸውን ከፍታ ትገባና ጀርባቸውን ታጥባለች፣ ካልሲያቸውን ታጠልቃለች፣ ክኒናቸውን ታስውጣለች፣ ፀጉራቸውን አበጥራ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ከመካከላቸው ፍራው ኬለር የተባሉት የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ግን ዓይናቸው አላረጀም። አንድ ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ስታጥባቸው ክንዷ ላይ የበለዘውን አዩ።

«ዛሬም ደረጃ ነው?» አሏት።

«አዎ፣ ከደረጃ ወድቄ።»

«ቤታችን ሊፍት አለው ብለሽኝ አልነበር?»

ሰገን ፎጣውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። ምን ትበል? ያ ደረጃ ስም አለው። ምንያህል ይባላል።

ምንያህል ባሏ ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ ትከሻው በር ይሞላል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላየው ሰው እንደሱ ያለ ጨዋ የለም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከወንበሩ ይነሳል፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ድንቄም ጨዋ! ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ያለውን ጨዋነቱን የምታውቀው ሰገን ናት፤ ሰገንና የስድስት ዓመት ልጃቸው መቅዲ።

ድሮም ይመታት ነበር። የድሮውን ልተወው፤ ተነግሮ አያልቅም። ይሄኛው ዱላ ግን በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ለልደቷ ሁለት አንድ ዓይነት አሮጌ ስልኮች ገዛ፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለሷ። የሷ ላይ ያለችበትን ቦታ የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነበት። «እንዳላስብ ብዬ ነው» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰገን በባሏ ስልክ ካርታ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ሆነች። ከፍራው ኬለር ቤት ስትወጣ ነጥቧ ትወጣለች፤ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ነጥቧ ትገባለች። ሥራው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ ሚስቱን ሲያይ ያረፍዳል።

ታዲያ ነጥቧ አንዳንዴ ትቆም ነበር። ዝም ብላ አንድ መንገድ ላይ ድርቅ ትልና፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሦስት መንገድ ዘላ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ እሱ ግን አውቄዋለሁ አለ። ዘግታዋለች! የሆነ ቦታ ሄዳ፣ የሆነ ሰው ዘንድ ገብታ፣ ጉዳይዋን ጨርሳ መልሳ ከፍታዋለች!

«ለምን ዘጋሽው?»

«አልዘጋሁም።»

«ነጥቧ ቆማለች እኮ! እኔ ዕውር ነኝ?»

«ሙት ስልህ አልዘጋሁም፣ ምንያህል። ቢሮ ደውለውልኝ እያወራሁ ነበር፤ ስልኬ ከእጄ አልወጣም።»

ስልኩን ከእጇ ነጠቀና በዚያው በስልኩ አፏን አላት። አንዴ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ። የፊት ጥርሷ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ስትጎነበስ በጉልበቱ ደገማት። መቅዲ ከክፍሏ ወጥታ «ፓፓ፣ አውፍሆረን! አውፍሆረን!» እያለች ጮኸች። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትደነግጥ የሚመጣላት ጀርመንኛው ነው፤ በቃ፣ ተው ማለቷ ነው። ማን ሊሰማት!

ጥርስ አይደበቅም። ምእመናን አዩ፣ አወሩ፤ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌው አባባ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው፤ ፍራንክፈርት አርባ ዓመት የኖሩ፣ ስንቱን የተጣላ አስታርቀዋል የሚባልላቸው። ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን በሉ፣ የሁለቱንም ቃል ሰሙ።

«አልዘጋሁም፣ አባባ» አለች ሰገን፣ በእጇ አፏን ከልላ። «ራሷ ናት የምትቆመው።»

«ራሱ የሚቆም ነገር አለ እንዴ፣ ልጄ?» አሏት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ደክሟቸዋል፤ ነገር ቶሎ እንዲበርድ ይፈልጋሉ። «እንግዲህ ስሙኝ። አንተ እጅህን ሰብስብ። አንቺ ደግሞ ስልክሽን አትዝጊ። ስልኩ ካልተዘጋ ጠብ የለም።»

ይሄ ነው እንግዲህ ፍርዱ! ጥርስ የሰበረውና ጥርሷ የተሰበረው እኩል ተመክረው፣ እኩል ተገሥጸው፣ አባባ የአንገት መስቀላቸውን አውጥተው እኩል አስማሏቸው። እሱ «እጄን አላነሣም» አለ። እሷ «ስልኬን አልዘጋም» አለች። ሰገን መሐላ ቀልድ አይደለም ብላ ያደገች ሴት ናት፤ መስቀሉን ስትስም ከልቧ ነበር። የሱን መሐላ የሰማው ግን ግድግዳው ብቻ ነው መሰለኝ፤ አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጥቧ ቆመች። ማታ ሰገን ድንች ትልጥ ነበር። ከኋላዋ መጣና አንገቷን ይዞ ከማጠቢያው ጋር አጣበቃት። ሁለት እጅ ሙሉ አንገት። ዓይኗ ጨለመ፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ እግሯ ከዳት። ሲለቃት ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እሱ ረጋ ብሎ «በመስቀል ምለሽ እንዲህ?» አላት። በመስቀል ምለሽ! ይሄን ሲል አንዲት ነገር ፊቱ ላይ አላየችም፤ ትንሽ እንኳ አላፈረም።

በማግሥቱ አንገቷን በስካርፍ ጠቅልላ ሄክስት ሰፈር ወዳለው የዐሊ ስልክ መጠገኛ ሄደች። ዐሊ የደሴ ልጅ ነው፤ ዓይኑን ከሚፈታታው ዕቃ ሳይነቅል የሚያወራ። የሆነውን ሳትነግረው ስልኩን ብቻ ዘረጋችለት።

«ቦታዬን ለባሌ የምታሳየው ነጥብ ለምንድነው የምትቆመው፣ ወንድሜ?»

ዐሊ ስልኩን አገላበጠና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄማ ሽማግሌ ነው። አዲሶቹ እያወሩም ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። ይሄ ሲደወልበት ግን ወደ ድሮው ኔትወርክ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ወይ ማውራት ነው ወይ ኢንተርኔት። ሁለቱን ባንዴ አይችልም። ስታወሪ ነጥቧ ባለችበት ትቀራለች፤ ወሬሽን ስትጨርሺ ትነሣለች። ነይ ላሳይሽ።» ካርታውን በኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ በሱ ስልክ ደወለላትና እያወራች እስከ ጥጉ ሄዳ እንድትመለስ ነገራት። ሄደች። ነጥቧ ከሱቁ በር ንቅንቅ አላለችም።

ሰገን ሳቀች። አፏን ሳትከልል ሳቀች። ከዚያ እዚያው ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሷ አይደለችም! ስልኩ ነው! ዐሊ ግራ ገብቶት የወረቀት መሐረብ አቀበላት።

«ባለቤትሽም እንዲህ ያለ ነው የያዘው?»

«መንታ ናቸው። ባንድ ቀን ነው የገዛቸው።»

«እንግዲያው እሱም እያወራ አያይም። ካርታው የመጨረሻውን ሥዕል ይዞ ይቀርበታል።»

ይህን ያለው እንዲያው ለወሬ ነው። ከዚያ ለባሏ እንድታሳየው ነገሩን በትንሽ ወረቀት በአማርኛ ጻፈላት። ወረቀቷን በጭብጧ ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። አሁን ይገባዋል፤ አሁን ይጸጸታል፤ ምናልባት አቅፎ ያለቅሳል። ወይ የሰው ተስፋ!

በሩን ከመክፈቷ «ሄክስት ምን ትሠሪ ነበር?» አላት።

ነጥቧ መንገድ ላይ አልቆመችም ነበር እኮ! ሄዳ፣ ደርሳ፣ ተመልሳለች፤ ሁሉንም አይቷል። «ምንያህል፣ ልንገርህ፣ ስልኩ...» ብላ ሳትጨርስ በቡጢ ጎኗን አላት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ውስጧ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች። ወደቀች፤ በጫማው ቀጠለ። ነጥቧ ስትቆም ይመታታል፣ ስትሄድም ይመታታል። ለካ ነጥቧ ሰበብ ናት! ይህ ሰው እንዲገባው የሚፈልገው ነገር የለም። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ይህን ስታስብ ወረቀቷ አሁንም ጭብጧ ውስጥ ነበረች። ወደ አፏ አመጣቻት፣ አኘከቻት፣ ከደሟ ጋር ዋጠቻት። እሱ የማያውቀው፣ እሷ ብቻ የምታውቀው አንድ ነገር አግኝታለች፤ አትሰጠውም።

ከዚያ ወዲያ ምንያህል አዲስ ሕግ አወጣ። ነጥቧ ስትቆም ወዲያው በኢንተርኔት ሳይሆን በመደበኛው የስልክ መስመር ይደውላል፤ ከደወለ ደግሞ «እኔ ሳልዘጋ እንዳትዘጊ» ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሰድባት፣ ሲዝትባት ይቆያል። ሰገን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አሮጊቶቿን ታጥባለች። ፍራው ኬለር «ያ ሰውዬ ምንድነው የሚልሽ?» ሲሏት «ስለ ዝናብ ነው» ትላለች። ዝናቡ እርድሻለሁ የሚል ነበር። እሱ በጆሮዋ ስለያዛት በዓይኑም የያዛት ይመስለዋል፤ እሷ ግን ልቧ ሌላ ነገር ይቆጥር ነበር። እያወራ አያይም። እያወራ አያይም።

ቢሆንም ፈራች፤ ቀን ገፋች። የገፋችውን ቀን ያስቆመው አንድ ጥፊ ነው። መቅዲን እስከዚያ ነክቷት አያውቅም ነበር። ልጅቷ «ማማ አልዘጋችም» አለች፤ ይህችን ብቻ። ሻንጣ በሚያነሣው እጁ ጆሮ ግንዷን አላት። ልጅቷ ከወንበሯ ጋር ተገለበጠች፤ ከጆሮዋ ቀጭን ደም ወረደ። አላለቀሰችም፤ እናቷን ብቻ አየቻት። የሰገን አንጀት ያኔ ተቆረጠ።

በማግሥቱ ከፍራው ኬለር የቤት ስልክ ደወለች። በባል ለሚደበደቡ ሴቶች የተዘጋጀ፣ አድራሻው የማይነገር ቤት አለ። ለሁለት ሰው ቦታ ተገኘ፤ ማክሰኞ ቀትር ላይ ሽቫንሃይም፣ የትራሙ መጨረሻ፣ አንዲት ሴት ትጠብቃቸዋለች። ቀላሉ ይሄ ነው። ከባዱ መቅዲ ናት። ትምህርት ቤት ይዟት የሚሄደው እሱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ አምስት ደቂቃ ነው። ሰገን ስልኳን ጥላ ብትሄድ፣ ባታነሣ፣ ነጥቧ ወደዚያ ስታመራ ቢያይ፣ ቀድሟት ልጅቷን ይወስዳል፤ ይህንንም ደጋግሞ ነግሯታል። ስለዚህ ከቤት መውጣት አለበት። መታወርም አለበት። ባልደረባዋ ኣብረኸት፣ ኤርትራዊቷ፣ የመሥሪያ ቤታቸውን ትንሽ መኪና ይዛ እነዳልሻለሁ አለቻት። «ተነሺ ብቻ፣ ሓብተይ» አለቻት በቋንቋዋ እየቀላቀለች፤ እህቴ ማለቷ ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሰገን ዞሰንሃይም ውስጥ በተዘጋ የአበባ ሱቅ ፊት ያለ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተቀመጠች። ኣብረኸት ከመኪናዋ ደወለችላት፤ ነጥቧ ቆመች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የሱ ጥሪ ገባ። የኣብረኸትን ዘግታ የሱን አነሣች።

«ለምን ዘጋሽው?»

«አልዘጋሁም።»

«ማን አጠገብሽ አለ?»

ሌላ ጊዜ «ማንም፣ ይቅርታ» ትለዋለች። ዛሬ «አልነግርህም» አለችው።

ፈነዳ። በእናቷ፣ በአባቷ፣ በዘሯ ሰደባት። ሰገን ማዳመጫውን ሰክታ ተነሣች፣ መኪናው ውስጥ ገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ገጠመች። ኣብረኸት ነዳች።

«የመኪና ድምፅ ነው!»

«አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነኛ! መኪና አይለፍ ልበል? ካርታህን አታይም?»

«እያየሁሽ ነው። አበባ ሱቁ ጋ ነሽ።»

እያየሁሽ ነው አለ። ሳቋን ዋጠች። አሁን የሚቀረው ሳይዘጋ ማቆየት ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ስታበርደው የኖረችውን እሳት አሁን በገዛ እጇ ማራገብ አለባት።

«ሶፋ ላይ ተኝቶ መዛት ለማን ይከብዳል?» አለችው። «ወንድ ከሆንክ ና። ሰው ፊት ምታኝ እስቲ! በር ዘግተህ አይደል የምትጀግነው?»

የወጥ ቤቱ መሳቢያ ሲከፈት፣ ማንኪያና ቢላ ሲንኳኳ ሰማች።

«ምን እያወጣህ ነው?»

«ስደርስ ታይዋለሽ። እንዳትነቃነቂ! ስልኩንም እንዳትዘጊ!»

«አልዘጋም። ምዬ የለም እንዴ?»

ሊፍት ውስጥ መስመሩ እንዳይቆረጥበት በደረጃ ወረደ። ዘጠኝ ፎቅ። እያንዳንዱን ኮቴ ጆሮዋ ውስጥ ሰማችው። የሱ መኪና በር ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ። ኣብረኸት መሪውን ጨብጣ ከንፈሯን ትነክሳለች።

መንገድ መሐል፣ መብራት ላይ፣ አየችው። በተቃራኒው በኩል ቆሟል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል፣ የአንገቱ ጅማት ተወጥሯል። «አንገትሽን ነው የምቆርጠው» ይላል ጆሮዋ ውስጥ፤ ከንፈሩ ከመስታወቱ ወዲያ እዚያው ቃል ላይ ይንቀሳቀሳል። ኣብረኸት የሰገንን ራስ በእጇ ይዛ ወደ ጉልበቷ ደፈቀቻት። አረንጓዴው መብራት በራ። እሱ ወዲያ፣ እነሱ ወዲህ አለፉ።

ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያውቃል፤ መምህሯ መቅዲን ቦርሳዋን አስይዛ በር ላይ ቆማለች። ሰገን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ምልክቱ አላስፈለጋትም። ልጅቷ እናቷ ስልክ ስትይዝ ዝም ማለትን ከትልቅ ሰው በላይ ተምራለች፤ ሳትጠይቅ ገብታ ኋላ ተቀመጠች።

«ደርሻለሁ» አለ ምንያህል። «የት ነሽ?»

«ካርታህ የት ይልሃል?»

«እዚህ ነሽ ይላል! አበባ ሱቁ ጋ ነሽ ይላል! የለሽም!»

«ካርታህ ካለማ አለሁ።»

መስታወት ሲረግፍ ሰማች፤ የማቆሚያውን መከለያ በቡጢ አፍርሶታል። እንደ በሬ አጓራ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ቆይ... ልዝጋውና ልየው...»

ከትምህርት ቤቱ ገና ሁለት መቶ ሜትር አልራቁም። ከዘጋ ነጥቧ ትነሣለች፤ ኖርድቬስትሽታት መሆናቸውን ያያል፣ ወዴት እንደሚያመሩ ያያል፣ ሽቫንሃይም ድረስ ይከተላል። ስልኳን ማጥፋት አለባት፤ ግን በመስቀል ምላለች። አውራ ጣቷን ከማጥፊያው ላይ አነሣች።

«ምንያህል!» ብላ ጮኸች። ማስቆጫ ቃል አለቀባት፤ የቀራት እውነቱ ብቻ ነው። «ጥርሴን ስትሰብር ፈርቼሃለሁ። አንገቴን ስታንቅ ፈርቼሃለሁ። ልጄን ከመታህ ወዲህ ግን ትንሽ ሰው ሆነህብኛል። ትሰማለህ? አልፈራህም! አስጠልተኸኛል!»

መጀመሪያ ጩኸት ብቻ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ቀጭታ፤ ከዚያ ጸጥታ። መስመሩ ተቋረጠ።

የሰገን ስልክ ወዲያው ነቃ፤ የተጠራቀመው መልእክት ተንጫጫ። «አጥፊው!» አለች ኣብረኸት። ሰገን ግን ካርታውን ከፈተች። አረንጓዴዋ ነጥብ ከዞሰንሃይም ዘላ መንገዳቸው ላይ መጣች፤ ተንቀሳቀሰች፤ የማይንን ወንዝ ተሻገረች፤ ወደ ሽቫንሃይም ሮጠች። የሚያያት ሰው አልነበረም። የሚያይባትን ስልክ ራሱ አስፋልት ላይ ፈጥፍጦ በተረከዙ አድቅቆታል። ፖሊስ ሲመጣ እጁ ደም እያንጠባጠበ፣ ቢላው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ስብርባሪውን ይለቅም ነበር አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰገን ቁጥሩ በማይታይ ስልክ ለአባባ ሀብተጊዮርጊስ ደወለች። ደኅና መሆኗን ይወቁ ብላ ነው። ሽማግሌው ደስ አላቸው፤ ቀጥሎ ግን ልማዳቸው መጣ።

«ልጄ፣ እሱስ ጥፋተኛ ነው። ግን አንቺም ስልኬን አልዘጋም ብለሽ በመስቀል ምለሽልኝ ነበር።»

«አልዘጋሁም፣ አባባ» አለች ሰገን። «እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር። የሰበረው እሱ ነው፤ መሐላውንም ስልኩንም።»

አንድ ነገር ሊሉ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሰማች። መቅዲ በሩ ላይ ቆማ ጫማዬን እሰሪልኝ እያለች ነው፤ በታላቅ ድምፅ።

«አሁን ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዘጋለሁ» አለቻቸውና ዘጋች።